ከፍል ውሃ እስከ ሲቢሉ

እንጦጦ አናት ላይ የወደቀ ዝናብ ዕጣው በአንድ ክንድ ልዩነት ይወሰናል። ወደ ደቡብ ያዘመመው በቀበናና በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ወደ ሰሜን ያዘመመው የሱሉልታን ሜዳ አርሶ ሙገር ይገባል፤ ሙገር ለዓባይ፣ ዓባይ ለሜዲትራኒያን ያስረክበዋል። የእኔ ከተማ ጫንጮ በሰሜኑ በኩል፣ በጎጃም መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ወደ ደርባ የሚገነጠለው መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ነው። ዕድሜዬን የጨረስሁበት ሥራ ግን በደቡቡ በኩል ነበር፤ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ መዋኛ ገንዳ ማጽዳት።

በሙያው ሰፈር «ፑል ቦይ» ይሉናል። ጠጉራችን ከሸበተ በኋላም «ቦይ» ነን። ስለ መዋኛ የሚያወሩ ሰዎች ማን እንዳስገነባው፣ ርዝመቱ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ውሃው ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። እኔ ቧንቧውን በሌላው ጫፍ በኩል ሳይ ነው የኖርሁት፤ የሚያሳስበኝ ውሃው ሲወጣ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ከዚያ ጫፍ ሲታይ የሀገራችን ገንዳ ታሪክ መልኩ ይለወጣል። የድሮዎቹ ገንዳዎች መግቢያና መውጫቸው አብሮ የታሰበ ነበር፤ ከአሁኖቹ ብዙዎቹ ግን መውጫቸው ትዝ ያለው ውሃው ሊለቀቅ ሲል ነው።

ጎንደር ላይ ስሙ ከአፄ ፋሲለደስ ጋር የተያያዘው ገንዳ አለ። ንጉሡ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 ነው፤ ገንዳውም ከፋሲል ግቢ ጋር እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ጎብኚ ሁሉ የሚያነሳው መሐሉ ላይ የቆመውን ሕንፃና ግንቡ ላይ እንደ እባብ የተጠመጠሙትን የዛፍ ሥሮች ነው። እኔ የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ገንዳው ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ አይቆምም። ጥምቀት ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተሳበ ይሞላል፤ ካህናቱ ይባርኩታል፣ ወጣቱ ዘሎ ይገባበታል፣ በዓሉ ሲያልፍ ይለቀቃል። ውሃው መድኃኒት የሚያስፈልገውን ያህል ጊዜ አይሰነብትም። አረንጓዴ ለመሆን፣ ለመሽተት፣ ትንኝ ለማፍላት ፋታ አያገኝም። ለገንዳ አጽጂ ከዚህ የተሻለ ገንዳ የለም።

በየገጠሩ የሚደረገውም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። በልጅነታችን በከተራ፣ በጥምቀት ዋዜማ፣ የሰፈሩ ጎረምሶች ጅረቱን በድንጋይና ሣር ባለው አፈር ይገድቡታል፤ ታቦታቱ አጠገቡ የሚያድሩበት ውሃ በአንድ ቀን ይጠራቀማል። በዓሉ ሲያልፍ ግድቡ ይነሣል ወይም ራሱ ይፈርሳል፣ ጅረቱም መንገዱን ይቀጥላል። ታች ያለው ባለ ከብት አንድ ቀን ውሃ ይቀንስበታል፣ በነጋታው ይመለስለታል። ማንም አይካሰስም።

ሁለተኛው ዓይነት ገንዳ የፍል ውሃው ነው። ፊንፊኔ ላይ የሚፈልቀውን ሙቅ ውሃ የአካባቢው ኦሮሞ ከጥንት ያውቀዋል። ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ እዚያ የሚታጠቡት የአፄ ምኒልክ ሰዎች ቦታውን ወደዱት፤ እቴጌ ጣይቱም በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አቅራቢያ ቤት አሠርተው አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እንግዲህ የሀገሪቱ ዋና ከተማ የተመሠረተችው በመታጠቢያ ዙሪያ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ፍል ውሃ ሲፈልቅ ይኖራል፣ ሲፈስም ይኖራል። ቫልቭ ብትዘጋ ቧንቧውን ይፈነቅለዋል እንጂ አይቆምልህም። ስለዚህ መታጠቢያ ቤቱ ሲሠራ መውጫው የግድ መታሰብ ነበረበት፤ የታጠቡበት ውሃ ወደ ባንትይቀጡ ጅረት ይወርዳል፣ ባንትይቀጡ ወደ ቀበና፣ ቀበና ወደ አቃቂ።

ሶደሬም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ ፍል ውሃው ገንዳዎቹን ሞልቶ ጎናቸው ወደሚፈሰው አዋሽ ይሄዳል። ወንዶ ገነት ደግሞ ከምንጩ አጠገብ ሰዎች በቆሎና ድንች ሲቀቅሉ ታያለህ፤ ዝቅ ሲል ሌላው ይታጠባል፣ ከዚያም ዝቅ ሲል ውሃው ወደ ማሳው ይሄዳል። አንዱ ውሃ ሳይቆም ስንት ሥራ ይሠራል! አምቦም በማዕድን ውሃው የሚሞላ መዋኛ አላት፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ስለሆነ የማያውቅ እንግዳ ያልጸዳ ይመስለዋል።

ያ ዘመን ንጹሕ ነበር ብዬ ግን አላታልልም። ፍል ውሃ ከመሬት ሲወጣ ሶዳና ፍሎራይድ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ሳይበርድ ጅረት ውስጥ ከገባ ደግሞ በሙቀቱ ብቻ ይጎዳል። ሳሙና ከመጣ በኋላማ ነገሩ ሌላ ሆነ። ቢሆንም ያ ውሃ የሚወርደው ቀንና ሌሊት በዝግታ ነው፤ ጅረቱ ለምዶታል። ጣጣው የመጣው ለወራት ታስሮ የከረመ ውሃ በአንድ ሌሊት በሚለቀቅበት ዘመን ነው።

ያንን ዘመን ያመጣው ክሎሪን ነው። አሜሪካ ውስጥ ጀርሲ ሲቲ የመጠጥ ውሃዋን ያለማቋረጥ በክሎሪን ማከም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ብራውን ዩኒቨርሲቲ መዋኛው ላይ ሞከረው። ከዚያ በፊት የማይፈስ መዋኛ ውሃው ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነበረበት፤ አለዚያ ዋናተኛው ይታመማል። ክሎሪኑ፣ ፓምፑና የአሸዋ ማጣሪያው ሲገናኙ አንድ ውሃ ዓመት ሙሉ መዋኛ ሆኖ መቆየት ቻለ። ውሃ ለማይተርፋት ሀገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ክሎሪንን አልረግምም፣ እንጀራዬም ነበር። እኛ ጋ እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የአዲስ አበባ ሂልተን የመስቀል ቅርጽ ያለውን ገንዳውን ከመሬት በሚወጣ ሙቅ ውሃ ሲሞላ ሁለቱ ዘመናት አንድ ግቢ ውስጥ ተገናኙ። ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት ሆቴሎች አብዛኞቹ ፍል ውሃ የላቸውም፤ የቧንቧ ወይም የጉድጓድ ውሃ ይሞሉና በማሽን ያዞሩታል።

ሥራውን ስጀምር የተማርሁት በጠብታ መመርመርን ነበር። በትንሿ ብልቃጥ የገንዳውን ውሃ ቀድተህ ጠብታውን ትጨምራለህ፤ ቢጫ ከሆነ ክሎሪን አለ፣ ወደ ብርቱካንማ ካደላ በዝቷል። ኋላ ላይ ሮዝ የሚያደርገው እንክብል መጣ። እንግዳው ግን የሚያምነው አፍንጫውን ነው። ዓይኑ ቀልቶ «ክሎሪን አብዝታችኋል» ይላል፤ ያ የሚሸተው ከላብና ከሽንት ጋር ተጣብቆ ኃይሉን የጨረሰ ክሎሪን ነው፣ መፍትሔውም ብዙ ጊዜ መጨመር እንጂ መቀነስ አይደለም። ይህንን ለእንግዳ ማስረዳት ከባድ ነው፤ «ልጆችዎ ሸንተውበታል» ማለት ስለሚሆን ዝም እንል ነበር።

ገንዳ የሚለቀቀው ሰድር ሲነቀል፣ ቀለም ሲታደስ ወይም ውሃው በመድኃኒት ብዛት አልታከም ሲል ነው። ጊዜው ሁልጊዜ ሌሊት ነበር፤ እንግዳ እንዳያይ። ወፍራም ሆስ ከፓምፑ ይያያዛል፣ ጫፉ ከግቢው ኋላ ባለው የዝናብ ቦይ ላይ ይጣላል፣ እስኪነጋ ያጓራል። አንድ ጊዜ፣ ስሙ ይቅርና፣ አንድ አለቃችንን «ይህ ወንዝ አይገባም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ወንዙ እንደሆነ ሞቷል፤ የሞተ ነገር በበረኪና አይሞት» አለኝ። ያኔ አስቆኝ ነበር። የአዲስ አበባ ጅረቶች የተሸከሙትን ጉድ ላየ ሰው አነጋገሩ ውሸት አይመስልም። ግን ከመካኒሳ እስከ አቃቂ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለማ ገበሬ አለ። የሞተ የተባለው ወንዝ ለእሱ የእርሻ መሣሪያው ነው።

ጡረታ ወጥቼ ጫንጮ ስመለስ ገንዳው ተከትሎኝ መጣ። የሱሉልታ መንገድ ዳር ሆቴልና ማረፊያ ቤት በዝቷል፤ ብርዱና ከፍታው ሯጮችን ይስባል፣ ሯጮቹ ደግሞ መዋኛ ይፈልጋሉ። አንዱ ባለቤት ሙያዬን ሰምቶ «ጋሼ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ብቅ ይበሉልኝ» አለኝ። ሄድሁ። ገንዳው ያምራል፤ 20 ሜትር በ10፣ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ተኩል። «መውጫው የት ነው?» አልሁት። ግቢው ጥግ ወዳለው ቦይ ጠቆመኝ። ቦዩን ይዤ ቁልቁል ሄድሁ፤ አጥር አልፎ፣ የድርቆሽ መሬት አቋርጦ ወደ ሲቢሉ ወንዝ የምትገባ ትንሽ ጅረት ላይ ያልቃል።

ይህን ሜዳ የማያውቅ ሰው ጉዳዩ ላይከብደው ይችላል። የእኛ ሀገር ኑሮ ሣርና ወተት ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የወተት ላሞች የሚበሉት ድርቆሽ ብዙው ከዚህ ሜዳ ታጭዶ በአይሱዙ ተከምሮ ይሄዳል። ክረምት መሬቱ መረሬ ስለሆነ ውሃ ይተኛበታል፣ ከብት እግሩን ነቅሎ መራመድ ያቅተዋል። መስከረም ሲጠባ በአደይ ይሸፈናል፣ ጥቅምትና ኅዳር ይታጨዳል። ከጥር በኋላ ጅረቶቹ ይቀጥናሉ፤ እዚህም እዚያም ኩሬ ሆነው የሚቀሩ አሉ። ላም የሚጠጣው፣ ልብስ የሚታጠበው፣ ልጅ ትናንሽ ዓሦችን በእጁ የሚያጠምደው በእነዚያ ኩሬዎች ነው። ሆቴሎች ገንዳ ማደስ የሚወዱት ደግሞ ልክ በዚያው ወቅት፣ በበጋ ነው።

ሒሳቡን ለባለቤቱ በወረቀት ሠራሁለት። ገንዳው 300 ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ይህ 10 ሺህ ሊትር የሚጭን ቦቴ 30 ጊዜ ተመላልሶ የሚያመጣው ውሃ ነው። በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ቢኖረው፣ በጠቅላላው 600 ግራም ይሆናል፤ ከአንድ ኪሎ ስኳር ያነሰ። ባለቤቱ ሳቀ፤ «ለዚህ ነው እንዴ የሚያስጨንቁኝ?» ችግሩ ዓሣ የሚችለው መጠን ነው፤ በሊትር 2 መቶኛ ሚሊግራም አካባቢ ሲደርስ መጎዳት ይጀምራል። ያንን ገንዳ በወንዝ አቅጥኜ ምንም እንዳይነካ ላድርገው ብትል 100 እጥፍ ውሃ፣ ማለትም 30 ሚሊዮን ሊትር ያስፈልግሃል። የካቲት ላይ የእኛ ጅረት ይህን ከየት አምጥታ?

እኛ የምንጠጣው የቧንቧ ውሃስ ክሎሪን የለበትም ወይ? አለበት፤ እኛን አይገድለንም። በእኛ ሆድ ውስጥ ክሎሪኑ ከምግብና ከምራቅ ጋር ሲገናኝ ደም ሳይደርስ ያልቃል። ዓሣ ግን የሚተነፍስበት ስንጥቡ ከውሃው ጋር ፊት ለፊት ነው፤ ቀጭኑን ሥጋ ያቃጥለዋል፣ ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ አየር ያጥረዋል። እንቁራሪት ከነጫጩቱ፣ ድንጋይ ሥር ያሉ ትሎችም እንዲሁ። ወደ ሰበታ በኩል የሀገሪቱ የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፤ በገንዳ ዓሣ ከሚያረባ ሰው ጋር ያወራ ሁሉ የቧንቧ ውሃ ሳያሳድሩ ዓሣ ላይ እንደማይጨመር ያውቃል። ያ የማሳደር ነገር ነው የእኛም መድኃኒት።

ክሎሪን ፀሐይ አይወድም። መድኃኒት መጨመር ታቆማለህ፣ ገንዳውን ሳትሸፍን ትተወዋለህ፤ የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠብታው ቀለም መስጠት ያቆማል። ቀስ እያለ የሚሟሟውን ትልቁን እንክብል የሚጠቀም ቤት ግን ይታገስ፤ እንክብሉ ውስጥ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከልል ሲያኑሪክ አሲድ የሚባል ነገር ስላለ ከሳምንት በላይ ሊወስድ ይችላል። የቸኮለ ሰው ሶዲየም ታዮሰልፌት ይጨምራል፤ የጥቁርና ነጭ ፎቶ ዘመን ፎቶ ቤቶች ሥዕሉን ለማጽናት የሚነክሩበት ጨው ነው፣ ክሎሪንን ወዲያው ያጠፋል። ከዚያ ውሃውን በቀጭን ሆስ፣ ቀን በቀን፣ በታጨደ የድርቆሽ መሬት ላይ ታሰራጨዋለህ። መሬቱ ይጠጣዋል፤ ሣሩም ሲጠማው ያገኘዋል። በክረምት ይህ አይሆንም፤ መረሬው ራሱ ጠግቦ ስለሚያድር ያፈሰስከው ሁሉ እንዳለ ጅረት ይገባል። አልጌ ለመግደል መዳብ ያለበት ሰማያዊ ዱቄት የተጨመረበት ውሃ ከሆነ ግን ፀሐይ አያድነውም፤ መዳብ አይተንም፣ ዓሣም ይገድላል። እኔ ያንን ዱቄት ከግቢው አስወጥቻለሁ።

ብዙ ሰው የማያስተውለው የመጨረሻዋን ጭላጭ ነው። ገንዳው ባዶ ከሆነ በኋላ ሰድሩ በአሲድ ይፋቃል። ያች የመጨረሻ እጥበት ከ300 ሜትር ኩቡ ጋር ስትነጻጸር ጥቂት ባልዲ ናት፣ ክፋቷ ግን ከሁሉም ይብሳል። እዚያው ገንዳው ወለል ላይ በኖራ ወይም በሶዳ መክኖ ካልተመረመረ መውጣት የለበትም። አዲስ አበባ ሳለሁ ይህች ውሃ የት እንደምትሄድ የሚጠይቅ አንድም ሰው አልገጠመኝም።

ሕግ የለም አይባልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ይከለክላል፤ የበከለ እንዲያጸዳም ያስገድዳል። ከዚያ በፊት የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ደግሞ ፍሳሽ ወደ ውሃ አካል ለመልቀቅ ፈቃድ ይጠይቃል። እነዚህን ሲጽፍ የሕግ አርቃቂው ዓይን የነበረው ፋብሪካ ላይ እንደሆነ ይገባኛል። በዓመት አንዴ በሌሊት ሆስ የሚጥል ሆቴል ለተቆጣጣሪ አይታይም። የሚያየው ጎረቤት ነው።

በእኛ በኩል ያየችው ከጅረቱ ማዶ ላሞች ያሏት አሮጊት ናት። አንድ ጠዋት አጥር ላይ ቆማ ጠራችኝ።

«አንተ ልጅ፣ ያ ሰማያዊ ውሃችሁ ሊወርድ ሲል ንገረኝ። ላሞቼን ወደ ላይ ወስጄ አጠጣለሁ።»

«ሳልነግርዎት ቫልቩን አልነካም፣ እማማ።»

«ባለፈው ዓመት ማን ነግሮኝ ነበር? ላሚቱ አፏን ነክራ መለሰችው። ከብት ያውቃል።»

ላሟ የመለሰችው በውሃው ሽታ ይሁን በሌላ ምክንያት አላጣራሁም፤ ማስጠንቀቂያ መጠየቋ ግን ተገቢ ነው። ባለቤቱ ጋ ሄጄ ነገሩን ሳነሣ ከሒሳቡ ይልቅ ይህ ነካው፤ ወተቱን የሚገዛው ከእሷ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ ነገሩ ዞሮ አዲስ አበባ መድረሱ ነው። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የሲቢሉንና የገርቢን ወንዞች ገድቦ ለከተማዋ መጠጥ የማዋል ሐሳብ ከያዘ ዓመታት አልፈዋል። ዋና ከተማዋ በቡራዩ በኩል ገፈርሳን፣ በምሥራቅ ለገዳዲን ጠጥታ አልበቃት ሲል ዓይኗን ከእንጦጦ ወዲህ ጣለች፤ የዓባይን ተፋሰስ ውሃ በተራራው አሳልፋ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ልትወስድ። ግድቡ የተገነባ ዕለት የሱሉልታ ገንዳዎች መውጫ የአዲስ አበባ ውሃ መግቢያ ይሆናል። ያኔ አለቃችን የነበረው ሰው በሕይወት ካለ ቧንቧውን ሲከፍት የሚያገኘው እኛ የለቀቅነውን ነው፣ ተጣርቶና እንደገና ክሎሪን ተጨምሮበት።

ለአሁኑ የተስማማነው እንዲህ ነው። ገንዳው የሚለቀቀው ድርቆሹ ታጭዶ ከተነሣ በኋላ፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው፤ ፀሐይ ካስመታነውና ጠብታው ቀለም ካልሰጠ ብቻ። ወደ ቦዩ የሚወስደው ቧንቧ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ያልተፈታው የማጣሪያው እጥበት ነው። አሸዋው በየሳምንቱ በተገላቢጦሽ ሲታጠብ የሚወጣው ድፍርስ ውሃ ተደምሮ ሲታይ በዓመት ከሙሉው ገንዳ ሊበልጥ ይችላል፣ እሱ ደግሞ ድርቆሽ እስኪታጨድ አይጠብቅም። ጠጠርና አሸዋ ያለው ማስረጊያ ጉድጓድ እንዲቆፈርለት ጠይቄያለሁ። ባለቤቱ ቦታውን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ እኔ እዚያ የውሃ ጉድጓዱ ይቀርባል ብዬ እምቢ ብያለሁ። እስካሁን እየተከራከርን ነው።